መብራት ሲመለስ የሚያስታውስ ቻርጀር

እኛ ሰፈር መኪና መግፋት የማያውቅ ሰው የለም። ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ሲገቡ የሚገኘው ቅያሳችን ቁልቁለት ነው፤ አልነሳ ያለ መኪና ሁሉ እዚያ ይገፋል። አገፋፉም የራሱ ደንብ አለው። ሹፌሩ ቁልፉን ከፍቶ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ይጠብቃል። ገፊዎቹ ከኋላ ይደረደራሉ። ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጠው ልቀቅ እስኪል ድረስ ፍሪሲዮን አይለቀቅም፤ ቀድሞ የለቀቀ ሹፌር ሳምንቱን ሙሉ ሲቀለድበት ይከርማል። መኪናው ሲነሳ ደግሞ ምስጋና ለመቀበል የሚቆም የለም። ሁሉም እጁን አራግፎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል።

የእናቴን መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚገፉት ከሱብሒ ሶላት የሚመለሱት የሰፈራችን ሰዎች ነበሩ። ገና ጎህ ሲቀድ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ መሪው ላይ ትቀመጣለች፣ አማትባ ቁልፉን ታዞራለች፣ መኪናው ትንሽ ያቃስትና ዝም ይላል። ይሄን ጊዜ እነሱ በቅያሱ ራስ ብቅ ይላሉ። ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው ከኋላ ይሰለፋሉ። ከእናቴ ጎን የሚቀመጡት ጎረቤታችን ሐጂ ቁልፉ ከመዞሩ በፊት ቢስሚላህ ይላሉ። እናቴ ታዲያ ይሄ መኪና ማማተቡንም አይሰማ፣ ቢስሚላሁንም አይሰማ እያለች ትስቅ ነበር።

እናቴን አደንቃታለሁ፤ ይህን ከመጀመሪያው ተናግሬ ልገላገል። ስድሳዎቹን አጋምሳለች። አጭር ስለሆነች ስትነዳ ትራስ ላይ ትቀመጣለች። የኋላው ሹፌር ክላክስ ሲያንባርቅባት መስኮቷን ዝቅ አድርጋ እለፍ ልጄ፣ ቸኩለሃል ትለዋለች። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን አፌ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ሌላ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ወንድሞቼ መኪናውን ለመሸጥ ተመካክረው መጡ። እናቴ ስታዳምጣቸው ቆየችና መንጃ ፈቃዷን ከኮመዲኖው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ምሳ ቀርቦላቸው በሉና ሄዱ። የመሸጡ ወሬ ሁለተኛ አልተነሳም።

ሐጂ በአንድ ግንብ የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ናቸው። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እዚያው ናቸው፤ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፣ አሁን ሱቁን ለልጃቸው ትተዋል። ኩላሊታቸው ደከመና በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ እጥበት ይሄዳሉ። የሚሄዱት በጠዋቱ የመጀመሪያ ዙር ነው። ለዚያ ዙር ያልደረሰ ሰው ወንበሩ ለሌላ ይሰጥበትና ከሰዓት በኋላ ክፍት ቦታ ከተገኘ ይጠብቃል፣ ካልተገኘ እንደመጣ ይመለሳል። በፊት በስልክ በሚጠራ ታክሲ ይሄዱ ነበር። በዚያ ሰዓት ሹፌሩ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ቅያሱ ውስጥ ግቡ ሲባል ይሰርዛል። እናቴ አንድ ቀን በር ላይ ቆመው ስልካቸውን ሲያዩ አገኘቻቸው። በማግስቱ መኪናዬ ግቢ ቆሞ እርስዎ በር ላይ አይቆሙም አለቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሹፌራቸው እሷ ሆነች። እኔም ከታክሲ ሰልፍ ስለምድን ከኋላ ተቀምጬ ሥራ ቦታዬ አካባቢ እወርዳለሁ።

ችግሩ ባትሪው ነው። መኪናው አጭር መንገድ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል። የጥቅምት ብርድ ሲጨመርበት ጠዋት ላይ አቅም ያጣል። አዲስ ባትሪ አስገብተን ነበር፣ እሱም ብዙም ሳይቆይ እንደ አሮጌው ሆነ። ያየው መካኒክ ባትሪው አልሞተም፣ ያወጣውን ሳይተካ ስለሚያድር ተርቦ ነው አለን። አየር ጤና ባትሪ ቤት ወስደን አስሞላነው። እዚያ ያለው ትልቅ ማሽን ጥርግ አድርጎ ይሞላል፣ ግን ሲመለስ ባትሪው ትኩስ ሆኖ አሲዱ ጠርዙ ላይ ተንጠባጥቦ ነበር። እናቴ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ ነካችውና ይህ አመጋገብ ሳይሆን ቅጣት ነው አለች።

እስከዚያ ድረስ መገፋቱ ለእኛ ችግር አልነበረም። ለሐጂ ግን ነበር። መኪናው ዝም ሲል በሩን ከፍተው ይወርዳሉ። ሰው እየገፋኝ ተቀምጬ አልሄድም ነው የሚሉት። እናቴ ትለምናቸዋለች፣ ገፊዎቹ ይቆጧቸዋል፣ እኔ ከኋላ እጄን ዘርግቼ እጅጌያቸውን እይዛለሁ። አይሰሙም። አንድ ቀን እናቴ ቁልፉን ከማዞሯ በፊት በራቸውን ቆለፈችባቸው፤ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ እጃቸውን አውጥተው በሩን ከውጭ ከፈቱት። ከዚያ በእነዚያ በቀጠኑ እጆቻቸው ከጎረምሶቹ መሀል ገብተው ይገፋሉ። የሚገፉት ነገር እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ግን ማን ይናገራል? ይሉኝታቸው ከበሽታቸው ይበረታ ነበር።

አንድ ማክሰኞ መኪናው ድንገት ተነስቶ ወደ ፊት ሲስፈነጠር ሐጂ ኮብልስቶኑ ላይ በጉልበታቸው ወደቁ። ሲያነሷቸው ፊታቸው አመድ መስሏል፣ መዳፋቸው ተልጦ ይደማል። መኪና ውስጥ አስገብተናቸው ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። እናቴ በመሀረቧ እጃቸውን ጠቅልላላቸው መንገዱን ሙሉ ታያቸዋለች፤ እኔ ደግሞ ከኋላ ሆኜ ፊት ለፊትሽን እይ እላታለሁ።

ረቡዕ ማታ የሐጂ ባለቤት እኛ ቤት መጡ። እሳቸውም ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከበራቸው ርቀው አይሄዱም፣ እንደመጡ ስናይ ነገር እንዳለ ገባን። ሐጂ ነገ አልሄድም ብለዋል አሉን። ደህና ነኝ፣ በእኔ ምክንያት ሰፈሩ ጠዋት ጠዋት አይታወክ ብለዋል። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ እናቴ በራቸው ላይ ሄዳ ቆመች። ሐጂ ከውስጥ ሆነው ዛሬ ሰውነቴ ቀሎኛል፣ ቤትሽ ግቢ እህቴ፣ ይበርድሻል አሏት እንጂ በሩን አልከፈቱም። ልጃቸው ሊያመጣ ያሰበውን ታክሲም ከለከሉት፤ መንገድ ላይ ብወድቅበት ሹፌሩን ጣጣ ውስጥ እከተዋለሁ ብለው። ሐሙስ ማታ እግራቸው ማበጡን ሰማን። ሐኪሙ አንድ ቀን መቅረት አደገኛ እንደሆነ፣ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መቅረት ግን ልብን ሊያቆም እንደሚችል ለባለቤታቸው ነግሯቸው ነበር። የሚቀጥለው የእጥበት ቀን ቅዳሜ ነው።

እኔ በዚያ ምሽት ተናድጄ ግቢው ውስጥ እንጎራደድ ነበር። ሽማግሌ ይላክባቸው፣ ኢማሙ ይምጡ፣ ልጆቻቸው ይደወልላቸው እያልኩ ስለፈልፍ እናቴ ሽንኩርት መላጧን አላቋረጠችም። በመጨረሻ ቀና ብላ አየችኝ።

"እኔን እኮ እምቢ አላሉም" አለችኝ። "መገፋቱን ነው እምቢ ያሉት። እንግዲህ መገፋቱ ይቅር።"

አርብ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አብረን አየር ጤና ወረድን። አካሄዳችን ቤት ሆኖ ባትሪ የሚሞላ ቻርጀር ለመግዛት ነው። እኔ የመጀመሪያው ሱቅ ገብተን፣ አንዱን አንስተን፣ ከፍለን የምንመለስ መስሎኝ ነበር። እናቴ መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የቤት ጫማ የምትገዛ ያህል ተረጋግታ፣ ከዳር እስከ ዳር ሱቆቹን ቆማ ካየች በኋላ ነው አንዱ ውስጥ የገባችው።

ሻጩ ቀልጣፋ ወጣት ነው። ሁለት ዓይነት ቻርጀር አለ፣ ዝም ብሎ የሚሞላና ስማርት የሚባል ብሎ ጀመረ። ዝም ብሎ የሚሞላው እስኪነቀል ድረስ ኤሌክትሪኩን ይሰጣል። ስማርቱ የባትሪውን ሁኔታ ለክቶ እንደ አስፈላጊነቱ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ሲሞላ ያቆማል። እናቴ ይህን ስትሰማ ባትሪ ቤቱ ያቀመሰውን ቅጣት አስታውሳ ሁለተኛውን አምጣ አለችው። ከመደርደሪያው ትልቁን አወረደው። መስኮት አለው፣ ቁጥር ይጽፋል፣ መብራቱ ሰማያዊና ቀይ ይላል፤ ለጭነት መኪና ሁሉ ይሆናል አለ። እኔ ወደድኩት። እናቴ ግን ቁጥሩን ካነበብኩላት በኋላ ይሄ ጉልበቱ በዛ አለች። የእኛ ባትሪ ትንሽ ነው፣ ጾም የሰነበተ ሆድ ላይ በአንድ ጊዜ ክትፎ አይጫንም። አነስ ያለው፣ ቀስ ብሎ ሲሞላ የሚያድረው ይሻለኛል አለችው። ልጁ ሳቀና አነስ ያለውን አመጣ።

ከዚያ ያደረገችውን ሳስበው እስካሁን ደስ ይለኛል። እዚያው ጥግ ላይ ያለውን ባትሪ አምጥቶ እንዲያገናኝላት ጠየቀችው። አገናኘ፣ ሶኬቱ ላይ ሰካ፣ አንዱን ቁልፍ ተጭኖ የባትሪውን ዓይነት መረጠ፣ መብራቱ መሙላት መጀመሩን አሳየ። እናቴ ጥቂት ታገሰች። ጎንበስ አለችና ሶኬቱን ነቀለችው። ልጁ ደነገጠ። መልሳ ሰካችው። ቻርጀሩ መብራቱን ብልጭ አድርጎ ቆመ። ይጠብቃል። ልጁ ቁልፉን እንደገና መጫን እንዳለባት ሊያስረዳት ሞከረ።

"ማዘር፣ ይሄ ስማርት ነው እኮ፣ ራሱ ያስባል" አላት።

"እንዲያስብልኝ አይደለም የፈለኩት" አለችው። "ከየት እንዳቆመ እንዲያስታውስ ነው።"

ልጁ እኔን አየኝ። እኔም የገባኝ ያኔ ነው። እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የሠራችው ዳቦ ቤት ነው፣ የምድጃ ተቆጣጣሪ ነበረች። ቤት ስትመጣ የምታወራን መብራት ስለመሄዱ ብቻ አልነበረም፤ መሄዱንማ ሁሉም ያውቀዋል። እሷን የሚያበሳጫት የሚመለስበት ሰዓት ነበር። አንዳንዱ ምድጃ መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ሰው መጥቶ ካልተጫነው ቀዝቅዞ ያድራል፣ ያ ሁሉ ሊጥ ይበላሻል። ሰፈራችን ደግሞ መብራት ሲሄድ ሲመጣ የሚያድርበት ነው። ባትሪው የሚሞላው እኛ ተኝተን ነው። የመጀመሪያው መጥፋት ላይ ቆሞ የሚቀር ቻርጀር ለእኛ ምን ይሠራል? ይህን የሳጥኑ ላይ ጽሑፍ አይናገርም፣ ሻጭም አይጠየቅም። እሷ ግን ገና ከቤት ሳትወጣ አስባው ነበር። ብሉ ካላሉት የማይበላ እንግዳ ነው ብላ ቻርጀሩን መለሰችለት፣ ልጁንም አመሰገነችው።

ሁለተኛው ሱቅ ያገኘነው ሶኬቱ ተነቅሎ ሲሰካ ይቀጥላል። ደስ ብሎኝ ቦርሳዬን ልከፍት ስል እናቴ ሲሞላስ አለችው። ሻጩ የሞላ ባትሪ ላይ አስሮ አሳያት። ቻርጀሩ ምንም ሳይመስለው መስጠቱን ቀጠለ፣ ጀርባው ይግላል፣ ይንጫጫል። ስሙ ስማርት ነው፣ ሥራው ግን የባትሪ ቤቱ ማሽን ታናሽ ወንድም። የዚህ መንገዱ ወደ ቆሼ፣ ወደ ቆሻሻ ክምሩ ነው ብላ ወጣች። ሻጩ አልተቀየመም፣ ሳቀ። እኔ ግን እግሬ ዝሎ ነበርና ሁሉንም የሚያሟላ ዕቃ አይገኝም ብዬ ተነጫነጭኩባት።  እንዲህ ስላት ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ፤ ነጠላዋን ታጠብቃለች፣ ዓይኗን ቀጣዩ ሱቅ ላይ ታደርጋለች።

ቀጣዩ ሱቅ ደግሞ ዝግ ነበር። ጁምዓ ነው፤ ባለቤቱ ሶላት ሄዷል። ሌሎች ክፍት ሱቆች እያሉ እናቴ እዚያው በረንዳ ላይ ያለ ባዶ የባትሪ ሳጥን ገልብጣ ተቀመጠች። በመስታወቱ ውስጥ አንድ ግራጫ ቻርጀር አይታለች። ትንሽ ነው፣ መስኮት የለውም፣ ጥቃቅን መብራቶች ብቻ አሉት። ምን እንዳየችበት ብጠይቃት ቁልፍ የለውም አለችኝ። ቁልፍ የሌለው ነገር ሰው እስኪጫነው አይጠብቅም። ከዚያ በኋላ እኔም ከጎኗ ቆምኩ።

ባለሱቁ ጎልማሳ ሰው ነው፤ የሶላት ኮፍያውን ሳያወልቅ ሱቁን ከፈተልን። እናቴ ፈተናዋን ከመጀመሪያው ጀመረች። ሲነቀልና ሲሰካ ግራጫው ቻርጀር ትንፋሽ ወስዶ ሥራውን ቀጠለ። እናቴ ደገመችው፣ አሁንም ቀጠለ። የሞላ ባትሪ ላይ ሲታሰር ጥቂት ቆየና አረንጓዴ መብራት አብርቶ ዝም አለ። ጀርባውን ዳሰሰችው፣ ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም። ከዚያ ቀዩንና ጥቁሩን መያዣ አገላብጣ ልታስር ስትል ሰውየው እጇን ሊይዝ ተነሳ። እናቴ ረጋ ብላ ዓይኔ በጎህ ጨለማ ቀይና ጥቁር አይለይም፣ ቤት ከምሳሳት እዚህ ልሳሳት አለችው። ሰውየው ትንሽ አሰበና እሺ በይ ብሎ ለቀቃት። አገላብጣ አሰረች። ብልጭታ የለ፣ ጭስ የለ፤ አንዲት ቀይ መብራት ብቻ በርታ ተሳስተሻል አለቻት። የእናቴ ፊት ፈካ። ልጅ ሆኜ ጥሩ ውጤት ይዤ ስመጣ የምታሳየኝ ፊት ነው።

ባለሱቁ መኪናው ለምን እንደሚያስፈልጋት ጠየቃት፤ የታመሙ ጎረቤቴን የማደርስበት ነው አለችው፣ ከዚያ በላይ አላብራራችም። ዋጋው ላይ ሁለቱም ለወጉ ያህል ተከራከሩና ተስማሙ። ስንወጣ ሰውየው ለእኔ ዝቅ ባለ ድምፅ እናትሽን ጠብቂያት አለኝ። ይህን ያለው ለሌላ ምክንያት ይሁን ለአክብሮት አልጠየቅኩም፤ እኔ ግን ኮርቼ ወጣሁ።

ወሬው ግን ገና ነው። ገና ሳይመሽ ከወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ገመድ ዘርግተን፣ ኮፈኑን ከፍተን አሰርነው። ጤዛ እንዳያገኘው እናቴ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ በጡብ ከፍ አድርጋ ደፋችበት፣ አየር ይግባለት ብላ። መብራቱ መሙላት ጀመረ። እራት ስንበላ የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። እኔ ማንኪያዬን አስቀምጬ ይኸው አልኩ። እናቴ ሻማ ለኩሳ እራቷን ጨረሰች፣ ሰላም እደሪ ብላኝ ሄዳ ተኛች። በደቂቃ ውስጥ ስታንኮራፋ ሰማኋት፤ በሰው እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

የነቃሁት በማቀዝቀዣው ድምፅ ነው። መብራት ተመልሷል፣ መቼ እንደተመለሰ አላውቅም። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ሰማዩ ገና መገርጣት መጀመሩ ነው። ሳፋውን አነሳሁት፤ ከሥሩ አረንጓዴ መብራት በርቷል። ያ ትንሽ ግራጫ ዕቃ ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳያዝዘው፣ መብራት ሲመለስ ካቆመበት ቀጥሎ ሥራውን ጨርሷል። ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ። እውነቴን ነው፣ በብርዱ መሀል ቆሜ ለቻርጀር አጨበጨብኩ።

እናቴ ለብሳ ወጣች። ገመዱን ፈታን፣ ኮፈኑን ዘጋን። ሐጂ አልሄድም እንዳሉ ናቸው፤ የማሳመኛ ቃል ተዘጋጅቶ እንደሆነ ብጠይቃት ራሷን ነቀነቀች። መሪው ላይ ተቀመጠች፣ አማተበች፣ ቁልፉን አዞረች። መኪናው ሳያቃስት ተነሳ። በሰላም መነሳቱን አይቼ ወደ ሐጂ በር ልሮጥ ስል ሞተሩን አጠፋችው። አበደች ብዬ ወደ መስኮቷ ሄድኩ። ዓይኗ በግንቡ ላይ፣ በሐጂ መኝታ ቤት በኩል ነው። እንደገና አስነሳችው፤ ተነሳ። አጠፋችው። ኧረ ምን ነካሽ፣ ባትሪውን ልትጨርሺው ነው አልኳት። እንዲሰሙት ነው አለችኝ። ለሦስተኛ ጊዜ አስነሳችው፣ ይሄኛውን ግን አላጠፋችውም።

ብዙ አልቆየም፣ የጎረቤታችን የብረት በር ሲጢጥ ሲል ሰማን። ሐጂ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ እጥበት ሲሄዱ የሚይዟትን ትንሽ ቦርሳ ይዘው ወጡ። እግራቸው ስላበጠ የጫማቸውን ተረከዝ ረግጠውታል። ባለቤታቸው ግድግዳውን ተደግፈው ከኋላቸው ቆመዋል። ሐጂ መኪናውን ትንሽ ቆመው አዳመጡት። ከዚያ በሩን ከፍተው ገቡ። 

በቅያሱ ራስ ላይ ከሶላት የሚመለሱት ሰዎች እንደ ልማዳቸው ቆመው ነበር። አንዱማ እጅጌውን ጠቅልሎ ወደ ኋላችን መምጣት ጀምሯል። እናቴ ሁለተኛ ማርሽ አስገብታ በመካከላቸው አለፈች። ዞር ብዬ ሳያቸው መንገዱ መሀል ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ከዚያ አንዱ እጁን አነሳልን፣ ሌሎቹም ተከተሉት።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ሐጂ የተላጠ መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ውጭ ያያሉ። ታክሲዎች ረዳቶቻቸው እየተጣሩ ይሞላሉ፣ ሱቆች ይከፈታሉ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ማንንም አላስቸገርኩም" አሉ።

እናቴ መንገዱን እያየች ፈገግ አለች። "እኔስ ሐጂ? ከእንቅልፌ ተነስቼ የማመላልስዎ እኔ ማንም አይደለሁም?" አለቻቸው።

ለቀልድ ነበር ያለችው። ሐጂ ግን ዞረው አዩዋት። ጥያቄው አዲስ እንደሆነባቸው ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

"አንቺንማ አስቸግራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም" አሉ። "ከቤቴ ሰው ጋር የምሄድ ነው የሚመስለኝ።"

የእናቴ ፈገግታ ጠፋ። መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠች። ከሐሙስ ጀምሮ ሽንኩርት ስትልጥ፣ ሶኬት ስትነቅል፣ ሳፋ ስትደፋ ያልሰማሁት ድምፅ ያኔ ወጣ።

"ታዲያ ሐሙስ ለምን በሩን ዘጉብኝ?" አለቻቸው።

 የሆስፒታሉ አጥር ሲታይ ነው ሐጂ መልስ የሰጧት።

"ሁለተኛ አልዘጋብሽም" አሉ።

እናቴ በመዳፏ ዓይኗን ጠርጋ ወደ በሩ ታጠፈች። ገና የመጀመሪያው ዙር ሰዎች እየገቡ ነበር።